ሁለት መርፌ፣ አንድ ጥያቄ

ከወልድያ ወደ ደሴ ሲኬድ መርሳ ላይ የወረደ ሰው ጦጣን የሚያውቃት በሌብነቷ ነው። ፍራፍሬው ሲበስል፣ በቆሎው ሲያሽት፣ ከወንዝ ዳር ዛፍ ወርዳ ጠባቂው ፊቱን የሚያዞርበትን ቅጽበት የምትጠብቅ ፍጥረት ናት። ገበሬው በወንጭፍ ያባርራታል፤ ተረቱ በብልጠቷ ያነሣታል። የቫይረስ ተመራማሪዎች ግን ሌላ ሙያ አይተውባታል፤ ዘሯ ከኤችአይቪ ጋር አንድ ቤተሰብ የሆነ ቫይረስ በደሙ ይዞ ሳይታመም ይኖራል።

ቫይረሱ ኤስአይቪ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1991 (በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የታተመ አንድ ጥናት ከዚሁ ከእኛው ጦጣ ዝርያ የተገኘውን ቫይረስ የዘር ቅደም ተከተል አንብቦ፣ ከሌሎች የአፍሪካ ጦጣዎች ቫይረስ በእጅጉ የራቀ ሆኖ አገኘው። በዓለም አቀፉ የቫይረስ መዝገብም ዛሬ ድረስ የአገር ምልክቱ ኢትዮጵያ ነው። ዝምድናው የትናንት አይደለም። ከአፍሪካ ምድር ከ10 ሺህ ዓመት በፊት በተለየችው በቢዮኮ ደሴት ጦጣዎች ላይ ተደርጎ በ2010 የታተመ ጥናት የኤስአይቪን ዕድሜ ቢያንስ 32 ሺህ ዓመት አድርሶታል። «ጦጣ ባለቤቱን ታስወጣ» እንላለን። በእሷ ገላ ያደረው እንግዳ ግን ይህን ሁሉ ዘመን ባለቤቷን አላስወጣም።

ይህ የሆነው ቫይረሱ ስለደከመ አይመስላችሁ። የአፍሪካ ጦጣ ደም ሲመረመር የሚገኘው የቫይረስ ብዛት መድኃኒት ካልጀመረ የኤችአይቪ ሕመምተኛ አያንስም። ልዩነቱ ገላዋ በሚሰጠው ምላሽ ላይ ነው። ቫይረስ የገባበት ሕዋስ ኢንተርፌሮን የሚባል ፕሮቲን ይረጫል፤ ፕሮቲኑ ጎረቤት ሕዋሶችን ያስጠነቅቃል፤ እነሱም በመቶ የሚቆጠሩ የመከላከያ ዘረመሎችን ይቀሰቅሳሉ። የጦጣዋ የእስያ ዘመድ፣ ሬሰስ ማካክ፣ በኤስአይቪ ሲያዝ ይህ ማንቂያ ይነሣል፣ ከተነሣም አይበርድም፤ እንስሳው ይመነምንና በኤድስ ይሞታል። በ2009 ቤአትሪስ ዣክላንና ሚካኤላ ሙለር-ትሩትዊን በፓሪሱ ፓስተር ኢንስቲትዩት የአፍሪካ ጦጣዎችን ከማካኮች ጋር ጎን ለጎን አድርገው ተከታተሉ። በጦጣዎቹም ማንቂያው በኃይል ተነሣ። ከዚያ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ራሱ ረገበ። ቫይረሱ አልጠፋም፤ የጠፋው ጫጫታው ነው።

ጦጣዋ ሌላም ጥበብ አላት። ኤስአይቪም ሆነ ኤችአይቪ ወደ ሕዋስ የሚገባው ሲዲ4 የሚባለውን ሞለኪውል ይዞ ነው። በዚያው በ2009 የወጣ ሌላ ጥናት እንዳሳየው፣ የአፍሪካ ጦጣ አስተባባሪ ሕዋሶች ልምድ ሲያካብቱ ሲዲ4ን ከገጻቸው ያወርዱታል። ቫይረሱ የሚይዘው ያጣል፤ ሕዋሶቹ ግን የማስተባበር ሥራቸውን ይቀጥላሉ። በወልድያ ሆስፒታል የፀረ ኤችአይቪ ክፍል ለዓመታት የተመላለሰ ሰው ይህን ሞለኪውል የተሸከሙት ሕዋሶቹ ብዛት፣ ማለትም የሲዲ4 ቁጥሩ፣ ወረደ ሲባል የሚሰማውን ድንጋጤ ያውቀዋል። ለጦጣዋ ግን ሲዲ4 ከሕዋሶቿ ገጽ መውረዱ መከላከያዋ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ገና መመልከት ነው። ጦጣዋ የዳነችው ማንቂያውን ስላበረደች ነው? ወይስ በሌላ ምክንያት ስለዳነች ነው ማንቂያው የበረደው? ይህን በመመልከት ብቻ መለየት አይቻልም፤ እጅ ማስገባት ይጠይቃል። የመከላከል አቅምን ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርጉ መድኃኒቶች በእንስሳት ላይ የሚፈተኑት አንድም ለዚህ ነው። እኔም የምደነቀው እዚህ ላይ ነው፤ በመድኃኒቱ ሳይሆን ጥያቄው በተቆረጠበት ስፌት።

ኢቮና ፓንድሪያና ክሪስቲያን አፔትሬይ የሚመሩት ቡድን ጥያቄውን ከሁለቱም ጫፍ ይዞታል። በመጀመሪያ፣ በ2008፣ ለጤነኞቹ የአፍሪካ ጦጣዎች የባክቴሪያ ልባስ ቁራጭ፣ ማለትም ኤልፒኤስ፣ ወጉ። ይህ ቁራጭ በኤችአይቪ ሕመምተኞች ዘንድ ከቆሰለ አንጀት ሾልኮ ወደ ደም የሚገባ፣ የመከላከል ሥርዓቱን የሚያስቆጣ ነገር ነው። ጦጣዎቹ ተቆጡ፤ ቫይረሱ ጨመረ፣ ሲዲ4 ቀነሰ። ከዚያ ተቃራኒው መጣ። በ2014 ባወጡት ሥራ የአፍሪካውን ጦጣ ቫይረስ ለሚታመሙት ባለ አሳማ ጅራት ማካኮች ሰጥተው፣ ከሥር ከሥር ሴቬላመር የሚባል መድኃኒት አበሉ። ሴቬላመር ለኩላሊት ሕመምተኞች የሚታዘዝ ነው፤ አንጀት ውስጥ ኤልፒኤስንም ጠፍሮ ይይዛል። የእንስሳቱ ቁጣ በግልጽ በረደ፣ ቫይረሱም በመጠኑ ቀነሰ። ጤነኛውን አስቆጥተው አዳከሙ፤ ታማሚውን አብርደው ደገፉ። አንዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ተጠራጣሪ ማምለጫ አያጣም ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን ደጋግሜ የማነበው በ2014 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣውን የኔታንያ ሳንድለርና የዳንኤል ዱዌክን ሥራ ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የተሠራ ነው። ጥያቄው አጭር ነው፦ ኢንተርፌሮን ወዳጅ ነው ጠላት? በወቅቱ ሁለቱም ወገን ማስረጃ ነበረው። ኢንተርፌሮን ቫይረስን ያግዳል፣ ይህ ወዳጅነቱ ነው። ሳያቋርጥ ሲረጭ ደግሞ የመከላከል ሥርዓቱን ያደክማል፣ ሲዲ4 እንዳያገግም ያደርጋል፤ ይህ ጠላትነቱ ነው። ከጦጣዋ የተማረ ሰው ማንቂያውን የሚያበርድ መድኃኒት ቢመርጥ አይፈረድበትም።

ሳንድለርና ጓደኞቿ ሬሰስ ማካኮችን በቡድን ከፈሉ። አንደኛው ቡድን የኢንተርፌሮንን መቀበያ የሚደፍን መርፌ ተወጋ፤ በመጀመሪያዎቹ 4 የኢንፌክሽን ሳምንታት ብቻ። ሁለተኛው በተቃራኒው ራሱን ኢንተርፌሮን አልፋ-2ኤ ተወጋ፤ እሱም ከቫይረሱ መምጣት ቀደም ብሎ። ቀሪዎቹ መነጻጸሪያ ሆኑ። ቫይረሱ የተሰጠው በደም ሥር አልነበረም፤ ሰው በግንኙነት እንደሚያዘው በስስ ልባስ በኩል ነው፤ በኢንተርፌሮኑ ሙከራም እስኪያዙ ድረስ ተደጋግሟል። ዝርዝሯ ትንሽ ትመስላለች፤ ሥራው ግን የቆመው በእሷ ላይ ነው። ቫይረሱ አንድ ጊዜ በከባድ መጠን ቢገባ ኖሮ ሁሉም እንስሳ ወዲያው ይያዛል፤ መድኃኒቱ በሩ ላይ ያደረገው ትግልም ሳይታይ ይቀራል።

በሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ማሳ አጠገብ ያለፈ የሐብሩ ወረዳ ሰው ይህን ሥርዓት ለመረዳት አይቸገርም። አዲስ የማሽላ ዝርያ ብቻውን ተዘርቶ አይመሰገንም። ከጎኑ የአካባቢው ዘር በዚያው አፈር፣ በዚያው ዝናብ፣ በዕጣ በተመደበ መደብ ላይ፣ ደግሞ ደጋግሞ ይዘራል። አዲሱ ዘር በለጠ የሚባለው ከጎረቤቱ ጋር ተያይቶ ነው። ማካኮቹም እንደዚያው ናቸው፤ ልዩነቱ የእንስሳቱ ቁጥር ጥቂት፣ የእያንዳንዱ ሕይወት ዋጋም ከባድ በመሆኑ አንድም መደብ ሊባክን አለመቻሉ ነው።

ውጤቱ ሁለቱንም ወገን አሳፈረ። መቀበያቸው የተደፈነው እንስሳት እንደተጠበቀው ረጋ አሉ፤ የመከላከል ሕዋሶቻቸው ቁጣ ቀነሰ። ሆኖም የፀረ ቫይረስ ዘረመሎቻቸው ሥራ ወረደ፣ በሕዋስ ውስጥ የተደበቀው የቫይረስ ክምችት አደገ፣ ሲዲ4 ፈጥኖ አለቀ፣ ወደ ኤድስም ቀድመው ደረሱ። አራት ሳምንት ብቻ የቆየ ዝምታ የበሽታውን መንገድ ሁሉ ቀየረው። በኢንተርፌሮን የተወጉት ደግሞ መጀመሪያ ላይ ቫይረሱን ከበር መለሱት። እነሱን ለመያዝ ተጨማሪ መጋለጥ አስፈልጓል፤ ሲያዙም ጥሰው የገቡት የቫይረስ ዝርያዎች ጥቂት ነበሩ። መርፌው ሲቀጥል ግን ሰውነታቸው ለመደው። ኢንተርፌሮኑ እያለ ዘረመሎቹ አልሰማ አሉ፤ ክምችቱ ጨመረ፣ የሲዲ4 መመናመንም ፈጠነ።

እዚህ ላይ የእጅ ሥራውን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ቡድኑ «ቁጣ»ን በአንድ መለኪያ፣ የፀረ ቫይረስ ዘረመሎችን በሌላ፣ የተደበቀውን ክምችት በሦስተኛ፣ ሲዲ4ን በአራተኛ ለካ። ከደም ብቻ ሳይሆን ከንፍፊት እጢም ናሙና ወሰደ፤ ቫይረሱ የሚጎለብተው እዚያ ነውና። ሁሉንም በአንድ ቃል «መሻሻል» ብሎ ቢደምረው ኖሮ፣ ቁጣው በርዶ በሽታው የተባባሰበት ያ እንግዳ ነገር በመካከል ይሰወር ነበር። ቁጣ መቀነሱ ብቻ ቢለካ ደግሞ የሚገድለው መርፌ ፈዋሽ ይባል ነበር። ጥሩ ሠራተኛ መለኪያዎቹን የሚለያየው እርስ በርስ እንዲካሰሱ ነው።

መልሱም «ወዳጅ» ወይም «ጠላት» አልሆነም። ጊዜው ነው። ጦጣዋ ያላት ጥበብም ማንቂያውን አለማንሣት አይደለም፤ በኃይል አንሥቶ በሰዓቱ ማብረድ ነው። የፓስተሩ ቡድን በ2014 ይህንኑ በጦጣዎቹ ላይ ፈተነው። በኤስአይቪ ለተያዙ የአፍሪካ ጦጣዎች ተጨማሪ ኢንተርፌሮን ወጉ፤ ጦጣዎቹ ከውጭ የመጣውንም ይዘው፣ ቁጣቸውን ሳያዘገዩ አበረዱ።

ነገሩ ለእኛ ሩቅ መስሎ ከታየ፣ ጥያቄው ከኢትዮጵያውያን ደም ውስጥም ተነሥቶ እንደነበር ማስታወስ ይገባል። ዝቪ ቤንትዊች በ1995 ወደ እስራኤል የገቡ ኢትዮጵያውያንን ተመልክቶ፣ በአፍሪካ ኤድስን ከሚያባብሱት ነገሮች አንዱ በሆድ ትላትልና በሌሎች ኢንፌክሽኖች ሳቢያ ሁልጊዜ የነቃ የመከላከል ሥርዓት ነው ሲል ተከራከረ። በ1994 የተጀመረው የኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት የአቃቂና የወንጂ ፋብሪካ ሠራተኞችን ለዓመታት ተከታትሏል። ፀሐይነሽ መሰለና ባልደረቦቿ በ1999 ባሳተሙት ሥራ ጤነኛ ኢትዮጵያውያንን ከጤነኛ ኔዘርላንዳውያን ጋር አስተያዩ፤ የእኛዎቹ ያልተነኩ ትኩስ ሕዋሶች ያነሱ፣ የነቁት ደግሞ የበዙ ሆነው ተገኙ። ይህም በትዕግሥት የተሠራ መነጻጸሪያ ነው፤ የጤነኛው ልክ ሳይታወቅ የታማሚው ጉድለት አይነበብም። ዳዊት ወልዳይና ባልደረቦቹ ደግሞ በ2002 የአንጀት ትል ከኤችአይቪ ጋር ያለባቸውን ሰዎች መርምረው፣ በሰገራ የሚወጣው የትል እንቁላል በበዛ ቁጥር በደም ያለው ኤችአይቪም እንደሚበዛ፣ ትሉ በመድኃኒት ሲወጣ ደግሞ ቫይረሱ እንደሚቀንስ አሳዩ።

ሆኖም በሰው ላይ የታየው ይህ ብቻውን ክርክሩን አይቋጭም። ትል የበዛበት ሰው ድኻም፣ በምግብ የተጎዳም ሊሆን ይችላል። ምክንያቱን ነጥሎ ለማውጣት እንደገና እንስሳ ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ ወሎ የሚያውቀው ጥገኛ ተውሳክ ይመጣል። በሐይቅ ዳርቻ የሚያድጉ ልጆች ቢልሃርዝያን በአካል ያውቁታል፤ ከቀንድ አውጣ የወጣው እጭ በውሃ ውስጥ ቆዳን በስቶ ይገባል፣ እንቁላሉም በአንጀት ግድግዳ በኩል ይወጣል። በቦስተን የሩት ሩፕረክት ቡድን ማካኮችን በቢልሃርዝያ አስይዞ፣ ከዛምቢያ ሕፃን በተገኘ የኤችአይቪ ልባስ የተሠራ ቫይረስ በፊንጢጣ በኩል ሰጣቸው። ይህ የኤችአይቪ ዓይነት፣ ማለትም ሲ፣ በኢትዮጵያም የሚበዛው እሱው ነው።

ብልሃቱ በመጠኑ አሰጣጥ ላይ ነው። ለሁሉም እንስሳት አንድ መጠን ሰጥቶ «ተያዘ፣ አልተያዘም» ብሎ መቁጠር ይቻል ነበር። እነሱ ግን ከፍ ዝቅ እያደረጉ የተለያየ መጠን ሰጡ፤ ግማሾቹን እንስሳት ለመያዝ የሚበቃው መጠን የትኛው እንደሆነ በሁለቱም ቡድን አሰሉ። በ2008 የታተመው ውጤት ትል ላለባቸው የሚበቃው የቫይረስ መጠን ከሌሎቹ በ17 እጥፍ ያነሰ መሆኑን አሳየ። ጥያቄው «አደጋ ይጨምራል ወይ» ከሚለው ወደ «ስንት እጥፍ» ተሻገረ። በ2011 ደግሞ መንገዱን ቀየሩት፤ ያንኑ ዓይነት ቫይረስ በደም ሥር ሰጡ። ትል ያለበትና የሌለበት እኩል ሆነ። ስለዚህ ቢልሃርዝያ የሚያሳልጠው የመጀመሪያውን በር፣ የአንጀትን ስስ ልባስ ነው እንጂ ቫይረሱ ደም ውስጥ ከገባ በኋላ ያለውን መያዝ አይደለም። አንዲት የመንገድ ለውጥ ብዙ ገጽ ክርክር ዘጋች።

ከዚህ ተነሥቶ የትል መድኃኒት ለሁሉ ቢሰጥ ኤድስ ይዘገያል የሚል ተስፋ መጣ። ትል ይኑርባቸው አይኑርባቸው ሳይመረመሩ መድኃኒቱ በየጊዜው የተሰጣቸው ከ900 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት፣ በ2012 የታተመ የኬንያ ሙከራ ግን የበሽታው ግስጋሴ ሲዘገይ አላየም። ቢልሃርዝያን ማከም በራሱ ይጠቅማል፤ የፀረ ኤችአይቪ ክኒንን ግን አይተካም።

ሁሉም ሥራ ግን እንዲህ አያምርም። በ2016 ሳይንስ መጽሔት ላይ ዓለምን ያነጋገረ ዜና ወጣ። አፍታብ አንሳሪና ባልደረቦቹ ማካኮችን ለ90 ቀን በፀረ ቫይረስ መድኃኒት አከሙ፤ የመከላከል ሕዋሶች ወደ አንጀት የሚያመሩበትን አልፋ4ቤታ7 የሚባል መያዣ የሚዘጋ ፀረ እንግዳ አካልም በየሦስት ሳምንቱ ሰጡ። ፀረ ቫይረሱ ሲቆም 8ቱም እንስሳት ለወራት ቫይረሱን ተቆጣጠሩ። ለሰው የሚሆነው አቻው፣ ቬዶሊዙማብ፣ ለአንጀት ቁስለት አስቀድሞ ገበያ ላይ ነበር፤ ተስፋውም ቅርብ መሰለ። በ2019 ግን ሦስት የተለያዩ ቡድኖች በዚያው መጽሔት ላይ አልደገመልንም አሉ። ከሦስቱ አንዱ ከመጀመሪያው ሥራ ጋር የተያያዘው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ነው። በመጀመሪያው ሙከራ የገባው ቫይረስ ኔፍ በሚባለው ዘረመሉ ላይ ማቆሚያ ያለበት፣ በዚህም የተዳከመ እንደነበር ተገለጠ። የተቋሙ ቡድን በዚያው ዓይነት ቫይረስ ሞክሮም ጥቅም አላገኘም። በሰዎች ላይ የተደረገውም ሙከራ እንዲሁ ሆነ።

እኔ ይህን ከውድቀት አልቆጥረውም። የራሱን ዜና እንደገና በሚዛን ላይ ማስቀመጥ፣ ሚዛኑ ሲያጋድልም በዚያው መጽሔት ላይ ማሳተም የዚህ ሙያ ከባዱ ክፍል ነው። ስህተቱ የተገኘው ሌላ እጅ ስለደገመው ነው።

ዋጋውንም መሸሸግ አይገባም። ማካኮቹ ታመው፣ አብዛኞቹም ተገድለው ነው መልሱ የተገኘው። በ1959 ዊሊያም ራስልና ሬክስ በርች ያወጡት ደንብ፣ እንስሳን በሌላ መተካት፣ ቁጥሩን መቀነስ፣ ሥቃዩን ማቅለል፣ ዛሬም የዚህ ሥራ መመሪያ ነው። በስድስትና በስምንት እንስሳት ላይ የሚሠራ ሙከራ በጥንቃቄ ካልተነደፈ ሞታቸው ለከንቱ ይሆናል። የንድፍ ጥራት የሳይንስ ብቻ ሳይሆን የኅሊናም ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ነው።

ኢትዮጵያ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒትን በነፃ ማደል የጀመረችው በ2005 ነው። ክኒኑ ቫይረሱን ያስራል እንጂ የተደበቀውን ክምችት አያጠፋም፤ ከቆመ ቫይረሱ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። የመከላከል አቅምን የሚያስተካክሉ መድኃኒቶች ፍለጋም ለዚህ ይቀጥላል፤ ወደፊትም «ተገኘ» የሚል ዜና ደጋግመን እንሰማለን። ያን ጊዜ የሚጠየቀው ጥቂት ነው። ከጎኑ ያልታከመ ማን ነበር? መድኃኒቱን የሚቃወመው መርፌስ ተሞክሯል? የተለካው የሰውነት እርጋታ ነው ወይስ የበሽታው መሸሽ? ሌላ እጅ ደግሞታል? እነዚህን ለመጠየቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ በወልድያ ገበያ «የመከላከል አቅም ይጨምራል» ተብሎ የሚሸጥ ጠርሙስ ቢቀርብም በዚሁ ይመዘናል።